ሱሰኝነትና የተማሪው አንጎል፦ ለትምህርት ቤቶቻችን መመሪያ ምን ያስገነዝባል?

መግቢያ

በመምህራን ክፍል፣ በወላጆች ስብሰባና በትምህርት ዕቅድ መድረክ ስለ ሱስ በተነሣ ቁጥር ሁለት አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ይደመጣል። የመጀመሪያው፣ ሱስ የምግባር ጉድለት ስለሆነ መፍትሔው ተግሣጽና ቅጣት፣ ይህ ካልበቃም ከትምህርት ገበታ ማሰናበት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሱስ በሽታ ስለሆነ ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የመምህር አይደለም የሚል ነው። ሁለቱ አስተያየቶች የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሁለቱም ትምህርት ቤቱን ከኃላፊነት ነጻ ማድረጋቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛ አስተያየት ማቅረብ ነው። ባለፉት ሰባ ዓመታት ስለ አንጎል የተደረገው ምርምር እንደሚያስረዳው፣ ሱስ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ዓይነት መማር ነው። ተማሪው ፊደል የለየበትና የማባዛት ሠንጠረዥ የያዘበት የአንጎል አሠራር፣ ዕፁን መፈለግንም የሚማርበት አሠራር ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ሰዎች ምን እንደሚማሩና እንዴት እንደሚማሩ ማጤን ዋና ሥራው የሆነው ተቋም፣ ማለትም ትምህርት ቤት፣ ጉዳዩን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጠው አይችልም።

ምሳሌዎቻችንን በብዛት የምንወስደው ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ የተቋቋመባት፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ለመላ አገሪቱ ያፈራች፣ ያም ኮሌጅ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገባት ከተማ ናት። የኮሌጁ መነሻ ሐሳብ በሽታን በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ፣ በምንጩና በአኗኗሩ ውስጥ መፈለግ ነበር። ሱስንም በዚሁ ዓይን መመልከት ተገቢ ይሆናል።

1. የአካባቢያችን ሁኔታ

ጫት በአገራችን አዲስ ተክል አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። ነገር ግን ለብዙ ዘመናት ተጠቃሚው፣ ሰዓቱና ቦታው የታወቀ ነበር። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ከጸሎትና ከሌሊት ትጋት ጋር የተያያዘ፣ ታላላቆች በተገኙበት የሚፈጸም ልማድ ሲሆን፣ በደጋው የክርስቲያን ኅብረተሰብ ዘንድ ደግሞ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። በዚህም ሆነ በዚያ ወገን፣ ወጣቱን የሚይዝ አጥር ነበረ ማለት ነው።

ዛሬ ሁለቱም አጥሮች ላልተዋል። በጣና ሐይቅ ዳርቻ በባሕር ዳር ዙሪያ የሚለማው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በመጓዝ ጎንደር ይደርሳል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኙ አራት ኮሌጆች ተማሪዎች ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 በተደረገ ጥናት፣ በወቅቱ 17.5 በመቶው ጫት የሚቅሙ፣ 13.1 በመቶው ደግሞ ሲጋራ የሚያጨሱ ሆነው ተገኝተዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አመልክቷል።

በደባርቅ፣ በዳባትና በወገራ ደጋ ግን ከጫት ይልቅ ሥር የሰደደው መጠጥ ነው። ጠላ የደቦው፣ የማኅበሩና የሰንበቴው ማድመቂያ ነው፤ ልጆችም ቀጠን ያለውን ቅራሪ እየጠጡ ያድጋሉ። የጠላ የአልኮል መጠን እንደ አጠማመቁ ቢለያይም በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ፣ የጠጅ ከ7 እስከ 11 በመቶ የሚደርስ ሲሆን፣ የአረቄ ግን እስከ 45 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ከጠላ ወደ አረቄ መሸጋገር የመጠጥ ዓይነት መለወጥ ብቻ አይደለም፤ ወደ አንጎል የሚደርሰውን መጠን ብዙ እጥፍ ማድረግ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው የገጠሩ ተማሪ ነው። በደጋው ከአንደኛ ደረጃ በላይ ለመማር ብዙው ተማሪ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ወረዳው ከተማ ይወርዳል፤ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቀየው እየተመለሰ ይማራል። በዐሥራ አምስትና በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ያለ ወላጅና ያለ ጎረቤት ዓይን ያድራል። ከሚያድርባት ክፍል አጠገብ ምን እንደሚሸጥና ማን ጀባ እንደሚለው የትምህርት ቤቱ መዝገብ አያውቅም።

2. አንጎል እንዴት ይማራል?

የጎንደር ኮሌጅ በተቋቋመበት በዚያው በ1954 እ.ኤ.አ.፣ በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ያልተጠበቀ ውጤት አሳተሙ። በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ አይጧ መርገጫ በተጫነች ቁጥር ደካማ ኤሌክትሪክ እንዲደርሳት አደረጉ። ሽቦው በተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች ላይ ያረፈ እንደሆነ አይጧ መርገጫውን ያለማቋረጥ ትጫን ነበር፤ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም በሰዓት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጫኑ አይጦች ታይተዋል። በአንጎል ውስጥ «ይህን ድገም» የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ሥርዓት መኖሩ በዚህ ታወቀ።

የዚህ ሥርዓት ዋና መልእክተኛ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዶፓሚን የሚመነጨው በመካከለኛው አንጎል ከሚገኙ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ሲሆን፣ የሚላከውም ኑክሊየስ አኩምበንስ ወደሚባለው የውስጥ ክፍልና በግንባራችን በስተጀርባ ወዳለው ፊተኛው የአንጎል ክፍል ነው። ቀድሞ ዶፓሚን «የደስታ ቅመም» ተብሎ ይታሰብ ነበር። ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ ያደረጉት ምርምር ግን ይህን አስተሳሰብ አሻሻለው። ዝንጀሮው ያላሰበው ጭማቂ ሲንጠባጠብለት የዶፓሚን ሕዋሳቱ በኃይል ይነቃቃሉ። ከጭማቂው በፊት ዘወትር መብራት የሚበራ ከሆነ፣ ውሎ አድሮ ሕዋሳቱ የሚነቃቁት ለጭማቂው ሳይሆን ለመብራቱ ይሆናል። መብራቱ በርቶ ጭማቂው የቀረ እንደሆነ ደግሞ የሕዋሳቱ ሥራ ከወትሮው ዝቅ ይላል። እንግዲህ ዶፓሚን የደስታ መለኪያ ሳይሆን በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት መለኪያ፣ የመማር ምልክት ነው ማለት ነው።

መምህራን ይህን በቀላሉ ይረዱታል። በመምህራን ማሠልጠኛ የፓቭሎቭን ውሻና ደወል ያልተማረ የለም። ተማሪው እጁን አውጥቶ ትክክለኛ መልስ ሲሰጥና መምህሩ «ጎበዝ!» ሲለው፣ ያላሰበውን ምስጋና ያገኘው አንጎል ይህንኑ መልእክት ይልካል፤ ነገም እጁን እንዲያወጣ የሚገፋፋው ይኸው ነው። ሥርዓቱ የተፈጠረው ለመልካም ነገር ነው።

3. ዕፆች ይህን ሥርዓት የሚጠልፉበት መንገድ

በአዲሱ የጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ተለይቶ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ ነው። በአሠራሩ አምፌታሚን የሚባለውን ሰው ሠራሽ አነቃቂ ይመስላል። በነርቭ ሕዋሱ ጫፍ የተከማቸውን ዶፓሚን ያስለቅቃል፤ የተለቀቀውም ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያግዳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካቲን ወደሚባለው ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ነጋዴው ይህን ኬሚስትሪ በትምህርት ሳይሆን በገበያ ያውቀዋል፤ ጫት በኮባ እየተጠቀለለ በጥድፊያ የሚጓጓዘውም ስለዚህ ነው።

አልኮል ደግሞ በብዙ አቅጣጫ ይሠራል። አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ መልእክተኛ ያበረታል፤ የሚቀሰቅሰውን ግሉታሜት ያዳክማል፤ በተዘዋዋሪም ዶፓሚን ያስጨምራል። በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ የመልእክቱ ፍጥነትም ልማዱን ቶሎ ያስይዛል።

ሦስቱም የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ላይ ነው። የዘወትር ደስታ፣ ማለትም ምግብ፣ ምስጋና፣ የጓደኛ ጨዋታ፣ ሲለመድና ሲጠበቅ የዶፓሚኑ መልእክት ይቀንሳል፤ አንጎል «ይህን አውቄዋለሁ» ብሎ ትምህርቱን ያቆማል። ዕፁ ግን ዶፓሚኑን በራሱ ኃይል ስለሚያስለቅቀው፣ የተጠበቀም ቢሆን ሁልጊዜ ካሰብከው በላይ ተገኘ የሚል የሐሰት ምልክት ያስተላልፋል። ትምህርቱ ማብቂያ አይኖረውም፤ ከሌላው ትምህርት ሁሉ በልጦ ይቀረጻል።

አንጎልም በበኩሉ ራሱን ለመከላከል ይሞክራል። መልእክቱ ሲበዛበት የተቀባዮቹን ቁጥር ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ያው መጠን ያንኑ ስሜት አልሰጥ ይላል፤ የዘወትሩም ደስታ ይደበዝዛል። ቀድሞ በእግር ኳስ ሜዳ የማይታጣ ወጣት ምንም የማያስደስተው ሲሆን፣ መምህሩ ስንፍና ብሎ የሚጠራው ይህን ሁኔታ ሊሆን ይችላል።

ቴሪ ሮቢንሰንና ኬንት ቤሪጅ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ሐሳብ ደስታና አምሮት በአንጎል ውስጥ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድተዋል። ሱሱ እየገፋ ሲሄድ ደስታው ያንሳል፤ አምሮቱ ግን ይጨምራል። ሰውየው የማያስደስተውን ነገር አጥብቆ ይፈልጋል። «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለው የአባቶች አነጋገር የሚገልጸው ይህንኑ ነው፤ ከራሱ ማዕድ የሚሰርቅ ሰው ጉዳቱን ያልተረዳ ሳይሆን፣ እውቀቱና ልማዱ በአንጎሉ ውስጥ በተለያየ ሥፍራ የተቀመጡበት ሰው ነው።

4. ሕዝቡ ቀድሞ የሰየማቸው ነገሮች

ሳይንሱ በቤተ ሙከራ የደረሰባቸውን ብዙ ነገሮች ቃሚዎች አስቀድመው በስም ያውቋቸዋል። ቃላቱን ማወቅ ለመምህሩ ይጠቅማል፤ የተማሪውን ንግግር ለመረዳት ያስችለዋልና።

ምርቃና ዶፓሚኑና ሌሎቹ አነቃቂ መልእክተኞች የሚበዙበት ሰዓት ነው፤ ሐሳብ ይፈጥናል፣ ዕቅድ ይበዛል፣ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል።

ሐራራ የሚባለው ደግሞ ከሰዓት በኋላ የተለመደው ሰዓት ሲደርስ የሚመጣው መቁነጥነጥና ማዛጋት ነው። ቅጠሉ ገና ሳይነካ ሰዓቱ፣ የጓደኛው ድምፅ ወይም የዕጣኑ ሽታ ብቻ አምሮቱን ያነሣሣል፤ የሹልትስ ዝንጀሮ ለመብራቱ እንደ ተነቃቃው መሆኑ ነው።

ጨብሲ ምርቃናውን ለመስበር የሚወሰደው መጠጥ ነው። የተቀሰቀሰው አንጎል በራሱ ሊረጋጋ ስለማይችል በአልኮል እንዲረጋጋ ይገደዳል። በዚህም አንዱ ሱስ ሁለተኛውን እየጎተተ ያስገባዋል። ጫት «ለጥናት ብቻ» የጀመረ ተማሪ በመለኪያ አረቄ የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ዱካክ ማቆም የሞከረውን ሰው በሌሊት የሚያስጨንቀው ቅዠት ነው። ብዙዎች እንደ መንፈስ ይፈሩታል፤ ከፍርሃቱም የተነሣ ወደ ልማዳቸው ይመለሳሉ። አነቃቂ ዕፅ የሕልም እንቅልፍን እንደሚያፍንና ዕፁ ሲቋረጥ የታፈነው የሕልም እንቅልፍ በብዛት ተመልሶ እንደሚመጣ በሳይንስ ይታወቃል። ለተማሪው «ይህ አንጎልህ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ያልፋል» ብሎ መንገር ከብዙ ተግሣጽ የበለጠ ሊረዳው ይችላል።

5. ጫትና የፈተና ጥናት

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የፈተናው በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ተማሪው ያውቃል። ሌሊቱን ነቅቶ ለማጥናት ቅጠል መያዙም ከስንፍና ሳይሆን፣ በተቃራኒው ከትጋት የሚመነጭ መሆኑን መካድ አይቻልም። ይህን ተማሪ እንደ ዋልጌ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሆኖም የሚያደርገው ጥናት የታሰበውን ውጤት አይሰጠውም። ካቲኖን ድካምን ይሸፍናል፤ ንቃትም ይሰጣል። ነገር ግን መማር በንባብ ሰዓት አያበቃም። ቀን የተያዘው ነገር መጀመሪያ የሚቀመጠው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ እየተደጋገመ ወደ ዘላቂው የትዝታ ሥፍራ ይዛወራል። ጫት የሚወስደው ይህን እንቅልፍ ነው። ተማሪው በምርቃና ብዙ ገጽ አንብቧል፤ ሁሉም የገባው መስሎታል፤ በፈተናው አዳራሽ ግን ያነበበው ይሸሸዋል። ያልተሳካለት በቂ ስላላጠና ይመስለውና በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን ይጨምራል። ወጥመዱ የሚጠብቀው ትጉሁን ነው።

6. ሁሉም አይያዝም፤ ለምን?

ዕፅ የቀመሰ ሁሉ ሱሰኛ አይሆንም። በመንትዮችና በቤተሰቦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለሱስ ተጋላጭነት ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ከዘር የሚወረስ መሆኑን ያመለክታሉ። የቀረው የዕድሜና የአካባቢ ጉዳይ ነው።

ዕድሜን በሚመለከት፣ ስሜትን የሚገፋፋው የአንጎል ክፍል በአፍላ ዕድሜ ቀድሞ ሲጠነክር፣ ልጓም የሚይዘው ፊተኛው ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ በመብሰል ላይ ይገኛል። በዐሥራ ስድስት ዓመት የተጀመረ ልማድ በሠላሳ ዓመት ከተጀመረው የበለጠ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ቅምሻ በጥቂት ዓመታት ማዘግየት ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

አካባቢን በሚመለከት ከሁሉ የሚደንቀው የሊ ሮቢንስ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከቪየትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በተጠኑ ጊዜ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ እንደነበሩ ታወቀ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን በመጀመሪያው ዓመት እንደገና በሱሱ የተያዙት ከነዚህ ሱሰኞች 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ፣ የጦር ጓደኛውና የዕፁ ርካሽነት ከኋላ ቀርተው፣ ቤተሰብ፣ ሥራና ሌላ መንደር ተቀብለዋቸዋል። ይህ ማለት የተለወጠው አንጎል በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም ማለት ነው።

ነገሩ ወደ እኛም ይዞራል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ድንጋጤ፣ ሐዘንና ሥራ ፈትነት ባንድነት በወጣቱ ላይ ወድቀዋል። ወታደሮቹን ያዳነው ከጦር ሜዳው መውጣታቸው ነበር፤ የእኛ ተማሪ ግን ያለው በዚያው በደረሰበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ ለእርሱ አካባቢውን መለወጥ የትምህርት ቤቱና የኅብረተሰቡ ሥራ ይሆናል።

7. ለሕዝብ መመሪያ የሚሰጠው ትርጉም

ቅጣትን ብቻ የተመረኮዘ ሕግ በአገራችን ታሪክ አልጠፋም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ይተረካል። ትንባሆ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቅጣት የሚናገረው ነገን ከሚያሰላው የአንጎል ክፍል ጋር ነው፤ ሱስ የሚያዳክመውም ይህንኑ ክፍል ነው።

በዘመናችን የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከዚህ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆና አልኮል እንዳይሸጥ፣ የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ በሥራና በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ውስጥ እንዳይጨስ ደንግጓል። የዕድሜው ገደብ ከአንጎል ዕድገት ጋር ይስማማል፤ የማስታወቂያው ክልከላም አምሮት የሚቀሰቅሰውን «መብራት» ያጠፋል። ሆኖም አዋጁ ለጫት ተመሳሳይ የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም። በየቤቱ የሚወጣውን አረቄም ተቆጣጣሪ አይደርስበትም፤ ደርሶም ቢሆን፣ ከዚያች ጋን ሌላ ገቢ የሌላትን እናት ያለ ምትክ ሥራ ጋኗን መስበር ልጇን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ይሆናል። የጫት ገበሬውም ጉዳይ እንዲሁ ነው።

ከውጭ አገር ልምድ ፖርቱጋልን መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2001 ጀምሮ ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ጥቂት ዕፅ የተገኘበትን ሰው ወደ ወንጀል ችሎት በማቅረብ ፈንታ ወደ ልዩ ኮሚሽን ይመራል፤ ኮሚሽኑም ሕክምና የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ይለያል። ዕፁ አልተፈቀደም፤ የተለወጠው ሰውየው የሚላክበት በር ነው። ለትምህርት ቤቶቻችን የሚጠቅመውም ይህ የበር ጥያቄ ነው። ዛሬ ሱስ የተገኘበት ተማሪ የሚታየው በር በአብዛኛው የመውጫው በር ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ. ማሰናበት የመጀመሪያ እርምጃ መሆኑ ይቅር። የተሰናበተው ተማሪ የሚያጣው የክፍል ሰዓቱን፣ መልካም ጓደኞቹንና የነገ ተስፋውን ነው፤ የሚቀሩለት ደግሞ ሐራራውን የሚቀሰቅሱት ሰዓት፣ ቦታና ሰዎች ናቸው። ሌሎችን ተማሪዎች ለመጠበቅ ሻጩን መለየት ተገቢ ነው፤ ሻጭና ተጠቂ ግን አንድ አይደሉም።

ለ. ለገጠር ተማሪዎች የኪራይ ቤቶች ጠባቂ ይሰየም። የክፍል ኃላፊ መምህራን ተማሪዎቻቸው የት እንደሚያድሩ ቢመዘግቡ፣ በወር አንድ ጊዜም ቢጎበኙ፣ ለአከራዮችም አደራ ቢሰጡ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። አደራ በአካባቢያችን ክብደት ያለው ነገር ነው።

ሐ. ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ባዶ አይሁን። የበርጫው ሰዓት ከትምህርት መልስ ያለው ሰዓት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ቢሆን፣ የጥናት ቡድንና የኳስ ጨዋታ ቢኖር፣ ዶፓሚኑ ሌላ መንገድ ያገኛል። በ9ኛ ክፍል የተጀመረ የጥናት ዕቅድ በ12ኛ ክፍል ሌሊቱን መንቃትን ያስቀራል፤ እንቅልፍ የጥናት ክፍል መሆኑም በባዮሎጂ ትምህርት ይሰጥ።

መ. ማስፈራራት ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ ተጀምሮ የተስፋፋው፣ ፖሊሶች በየክፍሉ እየገቡ ስለ ዕፅ ያስተምሩበት የነበረው መርሐ ግብር በተደጋጋሚ ሲመዘን በተማሪዎች ተግባር ላይ ያመጣው ለውጥ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። የሚጠቅመው ልምምድ ነው፤ ጓደኛ ጀባ ሲል እንዴት እምቢ እንደሚባል በክፍል ውስጥ መለማመድ፣ ምርቃናንና ዱካክን በስማቸው ጠርቶ መወያየት ይገባል።

ሠ. መምህሩ አያክምም፤ ያገናኛል። በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር የታወቀ መንገድ ይኑረው። በተለይ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ለረጅም ጊዜ አረቄ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም፣ በአልኮል ታፍኖ የኖረው የአንጎል ቀስቃሽ ክፍል በኃይል ስለሚፈነዳ እስከ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ወደ ጸበል የሚሄድም ቢሆን አስቀድሞ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። የካህኑና የሐኪሙ ሥራ አይጣሉም፤ የካህኑ ምክር «አስቀድመህ ታይ» የሚል ከሆነ ብዙ ነፍስ ይድናል።

ረ. ከሕክምና የተመለሰው ተማሪ በትዕግሥት ይጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንዳሳየው፣ ዕፅን በሚያስታውሱ ምልክቶች የሚቀሰቀሰው አምሮት ዕፁ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሊቀንስ ሲገባው ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር አልፏል ብሎ ክትትል ማቋረጥ አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ መመለስም የትምህርቱ ክፍል እንጂ የመጨረሻው ውጤት አይደለም፤ ንባብ የተሳሳተውን ተማሪ እንደማናባርረው ሁሉ ይህንንም አናባርረው። አነቃቂ ዕፅን በተመለከተ እስከ አሁን የተሻለ ውጤት ያሳየው ዘዴ፣ ሳይጠቀም የቆየበትን እያንዳንዱን ሳምንት በትንሽ ሽልማትና በምስጋና ማጽናት ነው። ይህም ለመምህር እንግዳ የሆነ ሥራ አይደለም።

ማጠቃለያ

ሱስ በአንጎል ውስጥ ያለልክ የተቀረጸ ትምህርት መሆኑን ተመልክተናል። የተማረ አንጎል የተማረውን አይፍቅም፤ ነገር ግን በላዩ ሌላ ሊማር ይችላል። አዲሱ ትምህርት ጊዜ፣ መደጋገም፣ ምስጋናና የሚያምነው ሰው ይፈልጋል። እነዚህን አራት ነገሮች በአንድነት የያዘ ተቋም በየወረዳው ቢፈለግ ከትምህርት ቤት ሌላ አይገኝም።

ዛሬ ማታ በደባርቅ ወይም በጎንደር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ስንቁን ቋጥሮ የመጣ አንድ ተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ቅጠል እያየ ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ወደ ክፍል ሲገባ የሚያገኘው መምህር ስለ አንጎል ያለው ግንዛቤ፣ ይህ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ በክፍሉ ውስጥ መገኘቱን ወይም አለመገኘቱን ይወስናል። ዕቅድ አውጪዎችም መመሪያቸውን ሲጽፉ ይህን ተማሪ በዓይነ ኅሊናቸው ቢያዩት ይበጃል።